አቤቱታ የጠፋበት ወረዳ ይመስገን

ወረዳችን ዘንድሮም ቀንቶታል። ከክፍለ ከተማ የመጣው የድጋፍና ክትትል ቡድን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱን ገምግሞ ውጤቱን ሲያነብ አጨበጨብን። በቤት ውስጥ ጥቃት የቀረበው አቤቱታ ከአምናው ቀንሷል። አቤቱታ ከቀነሰ ጥቃትም ቀነሰ ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሒሳብ የሚያውቅ ይምጣ።

ነገረኛ መቼም አይጠፋም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይዞ፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ርዳታ እንዳልጠየቁ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳላሉ ሊነግረን ይሞክራል። እኛ ግን ይህን ያነበብነው በአድናቆት ነው። መሥሪያ ቤት እንዳይጨናነቅ ብሎ ቤቱ የሚቀር እንዲህ ያለ አስተዋይ ተገልጋይ መታወቂያ ክፍሉ ከየት ያገኛል!

ዝምታው አልሆንልሽ ብሏት የመጣችውም ብትሆን መስተንግዶ አይጓደልባትም። ቢሮው ሦስት ጠረጴዛ አለው፤ በሩ በአምናው ባነር ጥቅልል ተደግፎ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ሌሊት የሆነችውን ለባለሙያዋ ስትናገር፣ ለሴፍቲኔት ምዝገባ የተሰለፉት ሁሉ አብረው ያዳምጣሉ፤ ከመካከላቸውም የባሏ አክስት አትጠፋም። ግልጽነት ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሁሉም ነው፤ እንዲህ በተግባር ያዋለው ግን ማን አለ?

ከዚያ ምርመራው ይጀመራል። «ለመሆኑ ምን ብለሽው ነው?» ይህች ጥያቄ ስንት መርማሪ የሚለፋበትን በአንድ ትንፋሽ ትጨርሳለች። ቀጥሎ ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ይመራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደሚያስቀጣ ደንግጓል፤ ሽማግሌዎቻችን ግን ዐቃቤ ሕጉን ማስቸገር አይወዱም። «ልጄ፣ ቻል አድርጊው፤ ለልጆችሽ ስትይ» ይሏታል። ባልየው ጉልበት ስሞ ይነሣል፣ ቡና ይፈላል። መዝገቡ ላይ «በዕርቅ ተፈትቷል» ተብሎ ይጻፍና ከተፈጸሙ ተግባራት ተርታ ይገባል። ያችው ሴት በሁለተኛው ወር ብትመለስ ሁለተኛ ዕርቅ ነው፤ ክንውኑ እጥፍ ሆነ።

አልታረቅም የምትል ግትር ከተገኘችም መብቷ የተጠበቀ ነው። ከፖሊስ ደብዳቤ ታጽፋለች፣ ደብዳቤውን ይዛ ጤና ተቋም ትሄዳለች፣ የሐኪሙን ማስረጃ ይዛ ወደ ፖሊስ ትመለሳለች፤ መርማሪው ስብሰባ ላይ ስለሆነ ነገ ትመጣለች። እስከዚያ ዓይኗ ሥር የነበረው ይደበዝዛል፤ ይህን እንግዲህ የማገገሚያ አገልግሎት ልንለው እንችላለን። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደተቋቋመው ዓይነት፣ ሐኪሙንም ፖሊሱንም በአንድ ግቢ የሚያገናኝ ማዕከል ለምን አልተስፋፋም የሚሉ አሉ። ሴቲቱ እግሯን የምታፍታታበትን ሊነፍጓት ነው። ማደሪያስ? እናቷ ቤት አለ አይደል እንዴ!

የመከላከሉ ሥራ ግን ከሁሉም ይልቃል። በየዓመቱ ኅዳር 16 በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚወገዝበት የነጭ ሪባን ቀን ሲደርስ አዳራሹ ይሞላል፤ ሪባኑ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ይሰካል፤ ኃላፊው ንግግር ያደርጋሉ፤ ለስላሳና ብስኩት ይታደላል። ሪፖርቱ ላይ «ወ» «ሴ» «ድ» የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉ። «ሴ» ሥር ያሉት ለቁጠባውም ለጤናውም ስብሰባ የሚጠሩት እነዚያው ሴቶች ናቸው። «ወ» ሥር የተቆጠሩት ደግሞ ኃላፊው፣ ሹፌሩና ካሜራ የያዘው ልጅ ናቸው። ተደባዳቢው ባል አልተጋበዘም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይረበሽም። ደግሞም ያው የ2008ቱ ጥናት ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት አለው ያሉት ከሴቶች 63 በመቶ፣ ከወንዶች 28 በመቶ መሆናቸውን አስፍሯል። ስለዚህ ግንዛቤ የሚጎድላት ተመቺዋ ናት፤ መቺውማ ገብቶታል።

ለመጪው ዓመት ዕቅድ አንዲት ሐሳብ ነበረችኝ። በየዓመቱ አዲስ ባነር ከማሠራት የአምናው ዓመተ ምሕረት ላይ ወረቀት ይለጠፍበትና፣ በተረፈው ገንዘብ ለቢሮው አንዲት ክፍል ትከፈል፤ በሯም የሚዘጋ ይሁን። ቆይቼ ሳስበው ግን በሩ ከተዘጋ ሴቶች መናገር ይጀምራሉ። ከተናገሩ አቤቱታው ይበዛል፣ ወረዳችንም በግምገማው ከመጨረሻው ተርታ ይሰለፋል። ሐሳቤ ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝልኝ።