የቺያሪ አራት ቀናት

ዶናልድ ትራምፕ ጃንዋሪ 2025 በበዓለ ሲመታቸው ላይ የፓናማን ቦይ መልሰን እንወስዳለን ሲሉ፣ እኔ ወዲያው ያስታወስኩት የቀድሞውን የፓናማ ፕሬዚዳንት ሮቤርቶ ቺያሪን ነው። ፓናማውያን እኚህን ሰው “የክብር ፕሬዚዳንት” ይሏቸዋል። ስሙን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1964 በሠሩት ሥራ ነው፤ ይገባቸዋልም። ለእኔ ግን የሰውየው ማንነት ቀድሞ የታየው ብዙ ሰው በማያነሳው በኖቬምበር 1949 ነው። ያኔ ፕሬዚዳንት ሆነው የቆዩት አራት ቀን ብቻ ነበር።

ሥልጣን ለቺያሪ ቤት እንግዳ አይደለም። አባታቸው ሮዶልፎ ቺያሪ ከ1924 እስከ 1928 አገሪቱን መርተዋል። ቤተሰቡ በስኳርና በወተት የበለጸገ ነው። የፓናማ ተራ ሰው እንዲህ ያሉትን ቤተሰቦች “ራቢብላንኮ” ይላቸዋል፤ ነጭ ጭራ እንደ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣላቸው በፍቅር አይደለም። ጥቂት ቤተሰቦች እየተጋቡና እየተዛመዱ ቤተ መንግሥቱን ሲቀባበሉ ኖረዋል። በግቢው ነጫጭ ሽመላዎች ስለሚንጎራደዱ ሕዝቡ የሽመላዎች ቤተ መንግሥት ይለዋል።

በ1949 ፕሬዚዳንት ዶሚንጎ ዲያስ አሮሴሜና በሕመም ከሥልጣን ወርደው ሲያርፉ፣ በሙያቸው ሐኪም የነበሩት ምክትላቸው ዳንኤል ቻኒስ ተተኩ። ከፖሊስ አዛዡ ከኮሎኔል ሆሴ አንቶኒዮ ሬሞን ጋር ግን አልተስማሙም። አንዱ የጠቡ መነሻ ጥቅም ነበር፤ የፖሊስ አለቆቹ አውቶቡሱም ቄራውም ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ነበር። ቻኒስ አዛዡን ሥራህን ልቀቅ ቢሉት፣ ተገደው የራሳቸውን መልቀቂያ ፈረሙ። ሬሞንም ወንበሩ ላይ ቺያሪን አስቀመጡ። የቺያሪ እናት የቤተሰብ ስምም ሬሞን ነው፤ ነገሩ የዘመድ ጉዳይ ነበር።

ሁለት ቀን ቆይቶ ቻኒስ ብሔራዊ ምክር ቤቱ ፊት ቀረቡ። የፈረምኩት ተገድጄ ነው፣ መልቀቂያዬን ስቤዋለሁ አሉ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ሕጋዊው ፕሬዚዳንት ቻኒስ ናቸው ብሎ ወሰነ። ቺያሪ ቃለ መሐላ ፈጽመው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ የአባታቸው ወንበር ነው። ውሳኔውን ተቀበሉና ወረዱ።

ምን ምርጫ ነበራቸው የሚል ሰው ይኖራል። ወንበሩ ላይ ያወጣቸው ጠመንጃ መሆኑን እኔም አልሸፍንም፤ ሲጀመር ወንበሩን መቀበላቸው ስህተት ነበር። ፍርድ ቤቱን አልሰማም ማለት ግን ይቻል ነበር። ሬሞን ራሳቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቻኒስን አልመለሱም። የ1948ቱ ምርጫ ድምፅ እንደገና ተቆጠረ ተባለና፣ ተሸንፈዋል የተባሉት አርኑልፎ አሪያስ አሸናፊ ሆነው ቤተ መንግሥት ገቡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ፕሬዚዳንት! በዚያ የጨረባ ተዝካር መሃል የዳኞችን ቃል ሰምቶ የተነሳ አንድ ሰው ነበር።

ያው ሰው በ1960 ተመርጠው ተመለሱ። ጃንዋሪ 9 ቀን 1964 ወደ 200 የሚጠጉ የኢንስቲቱቶ ናሲዮናል ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን የፓናማ ባንዲራ ይዘው፣ አሜሪካኖች በሚያስተዳድሩት የቦዩ ቀጣና ወደሚገኘው የባልቦአ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዱ። ሁለቱ ባንዲራዎች ጎን ለጎን እንዲውለበለቡ ቺያሪና ኬኔዲ ተስማምተው ነበር፤ እዚያ የተሰቀለው ግን የአሜሪካ ብቻ ነበር። ጥቂት ተማሪዎች ወደ ምሰሶው እንዲጠጉ ተፈቀደላቸው። ግፊያ ሆነ፤ በግፊያው መሃል የፓናማ ባንዲራ ተቀደደ። ወሬው ከተማው ሲደርስ ሕዝቡ ወደ ቀጣናው አጥር ጎረፈ። የ20 ዓመቱ ተማሪ አስካንዮ አሮሴሜና በጥይት ወደቀ። ከ20 በላይ ፓናማውያንና 4 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ።

በማግስቱ ቺያሪ ከአሜሪካ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጡ። የአገሪቱ መገበያያ ዶላር ነው፤ የአሜሪካ ጦር የሰፈረው መሃል አገር ነው፤ ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ይህን ሁሉ እያወቁ፣ ስለ ቦዩ ውል እንደ አዲስ ካልተነጋገርን አልመለስም አሉ። ግንኙነቱ የታደሰው በአፕሪል፣ ዋሺንግተን ለመነጋገር እሺ ስትል ነው። አዲሱ ውል የተፈረመው በ1977 ነው፤ ፓናማ ቦዩን የተረከበችው ደግሞ በ1999 የመጨረሻ ቀን።

ብዙዎች እነዚህን ሁለት ቺያሪዎች ለያይተው ያያሉ፤ የ1949ኙን ደካማ፣ የ1964ቱን ጀግና አድርገው። እኔ አንድ ሰው ነው የማየው። አንድም ወታደር ያልነበረውን ፍርድ ቤት የታዘዙት ቺያሪ ናቸው፣ በጦር ብዛት የሚያስፈራውን መንግሥት እምቢ ያሉት። ወንበሩ የኔ አይደለም ብሎ መነሳት የሚችል ሰው፣ ወንበሩን እንዳያጣ ብሎ አይንበረከክም።

በፓናማ ሲቲ ድሮ “ጁላይ 4” ይባል የነበረው ጎዳና ዛሬ የሰማዕታት ጎዳና ይባላል። ጃንዋሪ 9 በየዓመቱ ይታሰባል። በዚያ ቀን የቺያሪ ስም ሲነሳ፣ ኖቬምበር 1949 ላይ ከሽመላዎቹ ግቢ የወጡበትም ቀን አብሮ እንዲነሳ እፈልጋለሁ።