አዲሱ ቆጥ የተሠራው ለሸረሪት ነው?

ዶሮዎቹ ዛሬም አጥር ላይ! ያ ሁሉ ምስማር፣ ያ ሁሉ ጣውላ ለማን ነው? ሲጨልም አንድ በአንድ እየተለቀሙ ቆጡ ላይ ይቀመጣሉ። በማግስቱ ማታ? ቀጥ ብለው ወደ አጥሩ!

«ለሳምንት ያህል ቆልፉባቸው፣ ይለምዳሉ» ተባልን። እሺ፣ ተቆለፈ። እመቤቶቹ እንቁላል መጣያ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ተደርድረው አደሩ፤ ኩሱም እንቁላሉ ላይ። ለምን? ሳጥኑ ከቆጡ ከፍ ይላላ! ዶሮ ከፍታ እንጂ ውበት መቼ አይታ ታውቃለች?

ቆጡ ከሳጥኑ በላይ ተሰቀለ። 5 ሳንቲሜትር ስፋት፣ ጠርዙ የተላገ፣ ለእያንዳንዷ 25 ሳንቲሜትር ቦታ። አሁን ደግሞ አንዷ ጉልቤ መሃሉን ይዛ የመጣችውን ሁሉ ትነቁራለች። የተነቆረችው የት ትሂድ? አጥር ላይ ነዋ!

አጥሩ ቢዘጋ ዛፍ አለ። ክንፍ ቢከረከም ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይወጣሉ። ሸለምጥማጥ ሲመጣ ግን ጩኸቱ ለእኛ!