ውዳሴ አከራይ

ክረምት ሲቃረብ ሁሉም በየአቅሙ ይሰናዳል። ገበሬው ማረሻውን ያበጃል፣ ከተሜው ጃንጥላውን ከቁም ሳጥን ጀርባ ይጎትታል፣ ሱቁ ቦቲ ጫማ በር ላይ ይሰቅላል፣ ከሰል ሻጩ ማዳበሪያውን አጥብቆ አስሮ ዋጋውን ይፈታዋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን የአንድ አዲስ አበቤ አከራይን ዝግጅት አያክልም። እኛ ተከራዮች ብርዱን ስንፈራ አከራይ ቆጣሪውን ይፈራል፤ እኛ ስለየራሳችን ስንጨነቅ እሱ ስለ ሁላችንም ይጨነቃል። የኃይል ቁጠባ ጀግና የሚፈልግ ሰው ስብሰባ አዳራሽ ምን ይሠራል? ሰርቪስ ቤት ይከራይ።

ባሕር ማዶ ሆናችሁ ነገሩን ለረሳችሁት፣ ሰርቪስ ማለት ከዋናው ቤት ጀርባ፣ የግቢውን አጥር ተደግፈው የተደረደሩ ክፍሎች ናቸው። አራት ወይም አምስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ። ቆጣሪው የሚሰቀለው አከራይ ከሳሎኑ ሶፋ ሳይነሳ በሚያየው ቦታ ነው።

ሊቃውንቱ ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ይገባል ይላሉ። በእኛ ግቢ ግን ክረምት የሚገባው አከራያችን እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በየበራችን እየቆሙ «ልጆቼ፣ እንግዲህ እንደምታውቁት…» ያሉ ዕለት ነው። «እንደምታውቁት» ካሉ በኋላ የሚመጣውን ማንም አያውቀውም። ዘንድሮ ካውያ አይሰካም። ስቶቭ አይሰካም። ውኃ ማሞቂያማ ስሙም አይነሳ። ስልክ መሥሪያ ቤት ቻርጅ ተደርጎ ይመጣል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የበራ አምፖል ካለ በሩ ይንኳኳል፤ የሚያጠና ተማሪ ከሆነ ደግሞ «ቀን ምን ስትሠራ ዋልክ?» ተብሎ ይመከራል። ምስጋና ቢስ ተከራይ ይህን ጭቆና ይለዋል። እኔ በነፃ የሚሰጥ የሥነ ምግባር ትምህርት ነው ባይ ነኝ፤ ነፃ የሚለው ቃል ትንሽ ቢከብድም።

በእርግጥ መብራት ጨምሯል። በዚህ እትዬን ሐሰተኛ የሚላቸው የለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለአራት ዓመት፣ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተወስኗል። ይህ ለአከራይ ምን ያህል በረከት እንደሆነ አስቡት። ድሮ ጭማሪ ለመጠየቅ የጤፉን ዋጋ፣ የሲሚንቶውን ዋጋ፣ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ተራ በተራ እያነሱ ግማሽ ቀን መተረክ ነበረባቸው። አሁን በዓመት አራት ጊዜ «ጨመረ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ለዚያውም እውነት ነው። የሚገርመው የጭማሪው ጉዞ ነው። ከምንጩ በሳንቲም የተነሳው ጭማሪ እኛ ግቢ በር ላይ ሲደርስ መቶ ብር ሆኖ ይገባል። መንገድ ላይ ምን እንደሚበላ እንጃ።

ታሪፉ ደግሞ ደረጃ አለው፤ ሰባት እርከን። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ታችኛው እርከን ላይ ተቀምጦ ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከ500 ያለፈው ላይኛው ላይ ይሰቀላል። የታሰበው ድኻ በርካሽ እንዲያበራ ነው። አንድ አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የስልክ ቻርጀር ያለው የእኛ ክፍል 50ን ልሙላ ቢል እንኳ ብዙ መድከም አለበት። እንበልና አራቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 45 ተጠቀሙ፤ 180 ሆነ። ዋናው ቤት ከነፍሪጁ ከነምጣዱ 250 ጨመረበት፤ 430። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ሁላችንም ተያይዘን ስድስተኛው እርከን ላይ ወጣን ማለት ነው። ለየብቻችን ብንሆን ታች ነበር የምንቀረው። ድኻ ተብለን ልንደጎም የነበርን ሰዎች እንደ ቪላ ባለቤት እንድንከፍል አድርገው ክብራችንን ያስጠበቁልን አከራዮቻችን ናቸው። በዚህ ከተማ ሰውን ከፍ የሚያደርግ ሌላ ማን አለ?

ስለ ምጣዱ መናገር ካለብኝ በአክብሮት ነው የምናገረው። እትዬ እንጀራ ጋግረው ለሰፈሩ ሱቅ ያስረክባሉ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ። እንጀራቸው ዓይናማ ነው፣ እኔም እገዛለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። የእኔ አምፖል 9 ዋት ናት። አንድ ሰዓት የተጣደ ምጣድ የሚበላውን መብራት እኔ አምፖሌን 390 ሰዓት ገደማ አበራበታለሁ። ማታ ማታ አምስት ሰዓት ባበራት 78 ምሽት ነው። ሰኔ 26 ብጀምር ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንን ጨርሼ መስከረም 8 እደርሳለሁ። እንግዲህ የአንድ ሰዓት ጋገራ የእኔ ሙሉ ክረምት ነው። ያም ሆኖ ከምሽቱ 3 ሰዓት «ልጄ፣ መብራቷን አጥፋት እንጂ፣ አገር እኮ ነው የሚጎዳው» ብለው ሲያንኳኩ ጣታቸው ላይ የደረቀ ሊጥ አለ። ለነገ ጠዋት አቡክተው መምጣታቸው ነው። ሒሳቡን ላነብላቸው አስቤ ተውኩት። ከአከራይ ጋር በሒሳብ የተረታ ሰው አላውቅም፤ በሒሳብ ረትቶ ዕቃውን ያልጫነ ግን እሱንም አላውቅም።

የክፍያ አተማመናቸው ደግሞ የኢኮኖሚክስ ፋኩልቲ ሊያጠናው የሚገባ ነው። ለአምፖል ይህን ያህል፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል፤ ፍሪጅ ካለህ ሌላ ቤት ፈልግ። ሶኬት በቁጥር፣ ሰው በነፍስ ወከፍ። ሦስተኛው ክፍል ያለችው ጎረቤቴ የወለደች ሰሞን እትዬ እልል ብለው፣ አጥሚት ይዘው ገቡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ፤ ሕፃኑን አቀፉ፣ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት፣ ማንን እንደሚመስል ተከራከሩ። ሊወጡ በሩን ሲይዙ ዘወር አሉና «እንግዲህ ሕፃን ሌሊት ሌሊት ይነሳል፤ መብራት ይበራል…» አሉ። አጥሚቱ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ልጁ ስም ሳይወጣለት ሒሳብ ወጣለት።

ደረሰኝ አይተን እናውቃለን ወይ? እሱማ የለም። ለእኛው ብለው ነው የሚደብቁት፤ ቁጥር ያስደነግጣል። ድሮ ወረቀቱ ጠፋ ይባል ነበር። አሁን ሒሳቡ በቴሌብር ስለሚከፈል ስልካቸው ውስጥ ነው ያለው። ስልካቸው ደግሞ ልናይ በጠየቅን ቁጥር ቻርጅ የለውም።

እነሆ በዚህ መሐል አዋጅ መጣ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው በየዓመቱ ከሚያወጣው ጣሪያ አይለፍ አለ። ሌላ ቦታ ቢሆን ባለቤቶች ይጮኹ ነበር። የእኛዎቹ ግን እንደ ጨዋ ወረዳ ሄደው ውላቸውን አስመዘገቡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኪራዩ ካለበት አልተነቃነቀም። የተነቃነቀው መብራቱ ነው፤ ውኃውም ትንሽ፤ የጥበቃውም፤ የቆሻሻ ማንሻውም። «እኔ እንኳን ሕግ አክባሪ ነኝ፤ ኪራይ ላይ አንድ ብር ጨመርኩባችሁ?» ይላሉ እትዬ። አልጨመሩም። እኔ ምስክር ነኝ።

በሐምሌ ልብስ አይደርቅም። ካውያ ቢፈቀድ ሸሚዙን ተኩሶ ማድረቅ ይቻል ነበር፤ ስላልተፈቀደ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ከሰውነታችን እንፋሎት እየወጣ እንቆማለን። ይህ ይታለፍ፤ ሳቅ ነው። ስቶቭ የተከለከለ ሰው ግን ወጡን የሚሠራው በከሰል ነው፤ ከሰል ቆጣሪ ላይ አይቆጥርም፣ አከራይም በከሰል አይቆጣም። ውጭ ዝናብ ስለሆነ ምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል። ብርድ ስለሆነ በሩ ይዘጋል፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል። ፍሙ የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታ የለውም፤ ሰውን የሚያገኘው በእንቅልፉ ነው። ተኝቶ ስላልነቃ ቤተሰብ የምንሰማው ወሬ አዲስ አይደለም። ያኔ ድንኳን ይተከላል፣ መብራት ይሳባል፣ አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። የዚያን ለት ማንም አይቆጥርም።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ አከራይ ሁሉ ባለ ፎቅ አይደለም። ብዙዎቹ ጡረታቸው ለሳምንት አስቤዛ የማይበቃ፣ በወጣትነታቸው ጭቃ ረግጠው የሠሯት ክፍል በስተርጅና የምትጦራቸው ሰዎች ናቸው። ብር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ቆርቆሮና ምስማር የሚገዙበትን ዋጋ እኔም አይቻለሁ። የእኛዋ እትዬም ከዚህ ወገን ናቸው። ብርዱ እሳቸውንም ይበርዳቸዋል። ለዚህም ይመስለኛል ከእኛ ጋር ለመካፈል የሚጣደፉት።

ያን ሰሞን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ግድቡ ሲመረቅ፣ ግቢያችን ሠርግ ቤት ሆኖ ነበር። ቦንድ ያልገዛ ተከራይ የለም፤ ከደመወዝም ተቆርጧል። እትዬ ቡና አፈሉ፣ ፈንዲሻ በተኑ፣ ቴሌቪዥናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ሁላችንንም ሰበሰቡን። 5,150 ሜጋዋት ሲባል እልልታው ከነጎድጓዱ በለጠ። «በሉ እንግዲህ መብራት በሽ በሽ ነው!» አለ የመጀመሪያው ክፍል ልጅ። እትዬ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ሰዓቱን አዩ። 3 ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሲኒው ተሰበሰበ፣ ቴሌቪዥኑ ገባ፣ የበረንዳው አምፖል ጠፋ። ወደየክፍላችን የገባነው በስልክ ባትሪ እያበራን ነው።

ስለ ጣሪያው ብዙ አልልም። ያፈሳል። የሚያፈሰው አልጋዬ ላይ ስለሆነ አልጋዬን ወደ ግራ ሳብኩ፤ ቀጥሎ በግራም አፈሰሰ። ለእትዬ ብነግራቸው «ውኃ ነው፣ አይቆጥርም» አሉኝ። ከቧንቧ የሚቆጥር፣ ከሰማይ የማይቆጥር ውኃ ሳገኝ ባልዲ ደቀንኩና ልብሴን አጠብኩበት፤ በዚያ ወር የውኃ ሒሳቤ አልቀነሰም።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይላል ያገሬ ሰው። የክረምት ጭማሪ ግን ቡሄን ሲያልፍ ቆሞ እንኳ አያይም፤ ልጆች ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙላቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ጭማሪው ይቀመጣል። መስቀልም ያልፋል፣ በጋ ይገባል። በበጋ ደግሞ ሙቀት ነውና ፍሪጃቸው ብዙ ይሠራል ይባላል።

ሰሞኑን እኛ ተከራዮች ተማከርን። አራታችን ገንዘብ አዋጥተን በየክፍላችን ንዑስ ቆጣሪ እናስገባ፣ ሁሉም የተጠቀመውን ይክፈል ተባባልን። ገዥውም አስገጣሚውም እኛ፤ እትዬ አምስት ሳንቲም አያወጡም። ሽማግሌ ተብዬ የተላክሁት እኔ ነበርኩ፤ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። እትዬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። ብርቱካኑን ተቀብለው አስቀመጡ።

«ሐሳቡስ ደግ ነው የኔ ልጅ፣ አስገቡ» አሉ። «ግን ቆጣሪው ራሱ መብራት አይደል የሚበላ? እሱንስ ማን ሊከፍለው ነው? በየቆጣሪው መቶ መቶ ብር ጨምሩና ይግባ።»