ማሙሽ ምን አለ?

እኛ ቤት ሰሞኑን ሦስት ፓርቲ ተፈጥሯል። መነሻው ዓመት ካለፈው ገና አስራ አምስት ቀን የሆነው ልጃችን ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአፉ ያወጣት አንዲት ቃል ናት። ባለቤቴ "ሄሎ ነው ያለው፣ በእንግሊዝኛ አፉን ፈታ" ትላለች። አማቴ ደግሞ "ልጁ እልል ነው ያለው፣ የተባረከ ነው" ብለው ለንስሐ አባታቸው ደውለዋል። እኔ መሃል ሰፋሪ ነኝ። ሠራተኛችን ምንም አላለችም፣ ብቻ ሻሿን አፏ ላይ ያዝ አድርጋ ወደ ኩሽና ገባች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ባለቤቴ ገና ነፍሰ ጡር እያለች ነው። ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚያወራ አንድ የቴሌግራም ቻናል ጆይን አደረገች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት እራት ላይ የሚወራው ሪሰርች ብቻ ሆነ። የሰው ሚስት ኮክ አማረኝ ብላ ባሏን በሌሊት ታስወጣለች፣ የኔዋ ግን ያማራት 30 ሚሊዮን ቃል ነው።

30 ሚሊዮኑ ምን መሰላችሁ፣ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ሃርት እና ሪስሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች 42 ቤተሰብ ቤት በየወሩ አንድ አንድ ሰዓት እየሄዱ ወላጅ ለልጁ ምን ምን እንደሚለው ሲቀዱ ከርመው በ1995 መጽሐፍ አወጡ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ በኛ ካሰላሁትማ ሳወራ ይመሽብኛል)። ደህና ገቢ ያለው ቤት የተወለደ ልጅ 4 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከደሃው ልጅ 30 ሚሊዮን ያህል ቃል በልጦ ይሰማል ብለው ገመቱ። ባለቤቴ ይቺን ካነበበች ወዲህ እኔን እንደ ውሃ ቆጣሪ ነው የምታየኝ። ከሥራ ስገባ እንደምን ዋልክ ቀርቶ "ዛሬ ስንት ቃል አወራኸው?" ሆነ። ለአራስ ልጅ ምን ይወራል? ስለ ዶላር ምንዛሬ አወራሁት፣ ስለ ኮሪደር ልማት አወራሁት፣ ስለ ቤት ኪራይ ሳወራው ግን እሱም አለቀሰ።

በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ተነስተው፣ እነ ሃርት ዙሪያውን ያለውን ሰው ረስተዋል፣ አያት አክስት ጎረቤት የሚያወራው ሲቆጠር ልዩነቱ እንደተባለው አይደለም ብለው ተከራክረዋል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ቢመጡ ኖሮማ መቁጠሪያቸው ይቃጠል ነበር። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ስልክ ስታወራ ባሏ ሳይሰማ እኛ እንሰማለን፣ ልጄ ገና በሦስት ወሩ የዕቁባቸው ዕጣ ለማን እንደወጣ ያውቅ ነበር።

ከዛ አማቴ ከደብረ ብርሃን መጡ። ለአራስ ጥየቃ ነው የመጡት፣ ገንፎ ገንፍተው ሊመለሱ። ይኸው ዓመት ሆናቸው። አማቴ ልጁን ጭናቸው ላይ ፊቱን ወደ እንግዳ አዙረው ያስቀምጡትና ድምፃቸውን አቅጥነው በሱ ቦታ ያወሩለታል። "አክስቴ ለምን ጠፋሽብኝ በላት! ባዶ እጅሽን ነው እንዴ የመጣሽው በላት!" እንግዳዋ ትስቃለች፣ በሚቀጥለው ግን ሙዝ ይዛ ነው የምትመጣው። ባለቤቴ ትናደዳለች፣ "እማዬ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ነው ልጅ የሚወራው!"

እኔ ደግሞ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን ስጎረጉር፣ ኦክስ እና ሺፈሊን የሚባሉ ሁለት ሴቶች በ1984 የጻፉትን አገኘሁ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ካሉሊ የሚባሉ ሕዝቦች ዘንድ እናት ሕፃኑን ፊቱን ወደ ሰው አዙራ፣ በቀጭን ድምፅ፣ እሱን ሆና ነው የምታወራው፣ ራሱን ልጁን ግን ቁጭ ብላ አታወያየውም፣ ልጆቹም በሰላም አፋቸውን ይፈታሉ። አማቴ እኮ ነች በቃ! ጠዋት ለባለቤቴ ባነብላት "እሱ ፓፑዋ ነው" ብላ ዘጋችኝ። ካንሳስ ግን ወረዳ ሰባት ነው። እንዲህ የሚያስቡት ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም፣ በ2010 የወጣ አንድ ጽሑፍ እንዳለው በታወቁ የሥነ ልቦና መጽሔቶች ላይ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶዎቹ የመጡት የዓለምን ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከያዙ አገሮች ነው። የቀረነው እኛ መቼም ስናድግ ማንም አላየንም።

ልጁ አምስት ወር ሳይሞላው አማቴ ብብቱን ይዘው "ወፌ ቆመች!" ሲሉት ሌላ ግርግር ተነሳ፣ ባለቤቴ ስልኳ ላይ የጫነችው የልጅ አስተዳደግ አፕ ገና ነው ብሏላ። ይሄንንም ፈልጌ አገኘሁት። ኬንያ ኪፕሲጊስ የሚባሉ ሕዝቦች ልጃቸውን መቀመጥና መራመድ አስበው ያለማምዱታል፣ ቻርልስ ሱፐር የሚባል ሰው በ1976 እንደጻፈው ልጆቹ ከአሜሪካኖቹ ወር ያህል ይቀድማሉ፣ መዳህ ላይ ግን አይቀድሙም፣ ምክንያቱም መዳህ የሚያስተምራቸው የለም። አማቴ ይሄን ስነግራቸው "ታዲያ ይሄን ለማወቅ ኬንያ ድረስ ምን አስኬደው?" አሉኝ።

ዋናው ጣጣ የመጣው በዘጠነኛው ወር ነው። የአንድ ወር ኪራያችን ወጥቶ ታብሌት ተገዛ፣ ካርቱን ተጫነ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ከልጁ ጋር የሚወራው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚል መመሪያ ወጣ። የኛን እንግሊዝኛ ደግሞ ታውቁታላችሁ። "ማሙሽ ካም! ካም ቱ ማሚ! ኖ ኖ፣ ዛት ኢዝ እፉ!" ሠራተኛችን ጭራሽ ዝም እንድትል ተነገራት፣ አክሰንቷ እንዳይጋባበት። ምን ታድርግ፣ ልጁን አዝላ በረንዳ ላይ ትቆማለች፣ ሁለቱም ዝም ብለው መንገድ ያያሉ።

ያኔ ነው የኩልን ያነበብኩት፣ ባለቤቴ ቻናል ላይ ያልተለጠፈውን። ፓትሪሺያ ኩል የምትባል ተመራማሪ ሲያትል ውስጥ የ9 ወር የአሜሪካ ሕፃናትን ሰብስባ 12 ጊዜ ቻይንኛ አሰማቻቸው። ገሚሶቹ ሰው ቁጭ ብሎ መጽሐፍ እያነበበ አሻንጉሊት እያሳየ አወራቸው፣ ሌሎቹ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ወሬ በቪዲዮ አዩ። ሰው ያወራቸው የቻይንኛን ድምፅ እንደ ታይዋን ልጆች ለዩ። ቪዲዮ ያዩትስ? ዜሮ! ቻይንኛ ሰምቶ ከማያውቅ ልጅ በምንም አልተሻሉም። ይሄ በ2003 የወጣ ነው እንግዲህ፣ እኛ ታብሌት የገዛነው አምና።

እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላኛው ነው፣ የወርከርና የቲስ፣ የ1984ቱ። ቀ ጠ ጨ ስንል ጉሮሯችንን ዘጋ አድርገን የምናፈነዳው ነገር አለ አይደል፣ እንግሊዝኛ የሌለው። እነሱ ከአንድ የካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋ እንደኛ ቀ የሚፈነዱ ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ወስደው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን ፈተኗቸው። ከ6 እስከ 8 ወር ያሉት አብዛኞቹ ለዩ፣ ከ10 እስከ 12 ወር ያሉት ግን አብዛኞቹ አልቻሉም። በቃ፣ የማይሰሙትን ድምፅ ጆሯቸው እያሰናበተው ነው። የባለቤቴ እህት ልጅ ከቨርጂኒያ ክረምት ላይ መጥቶ "ካይ ወት እወዳለሁ፣ ቲብስም እወዳለሁ" ሲል ሁሉም "እንዴት ይጣፍጣል!" አሉ፣ እኔ ደነገጥኩ። ማሙሽ በ11ኛ ወሩ ነበር። ማታ ማታ ባለቤቴ ስትተኛ አልጋው አጠገብ ሄጄ "ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ" እለው ጀመር። አንድ ሌሊት አማቴ ሰምተውኝ ጠበል ቢጤ ረጩኝ።

እና ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሥራ ስለሌለኝ ቤት ነበርኩ። ማሙሽ ካርቱኑ ፊት ተቀምጧል፣ ሲያየውም አይመስለኝ። ከታች "ቁራሌውውው!" የሚል ድምፅ መጣ። ልጁ ታብሌቱን እንደ ድንጋይ ወርውሮ፣ ግድግዳ እየደገፈ በረንዳ ወጣ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በሙሉ ጉሮሮው፣

"ላሌውውው!"

ቁራሌው ጆንያውን አስቀምጦ ቀና አለ። "አለሁ ማሙሽ! ዛሬስ ምን አለህ?"

"ላሌው!"

"ትናንት አሮጌ ጫማ አለኝ ብለህ አልነበር?"

"ላሌ!"

ሠራተኛችንን ዞር ብዬ አየኋት። "ጋሼ" አለችኝ ዓይኗን መሬት ተክላ፣ "በየቀኑ እኮ ነው የሚያወራው። እኔ ዝም በይ ስለተባልኩ ነው።"

ባለቤቴ ስልኳን ቀስራ ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጣች፣ "ይኸው ሄሎ አለ! ለመንገደኛ ሄሎ እያለ ነው!" ብላ ቪዲዮውን ቨርጂኒያ ላከችው። አማቴ ከኋላ እልልታቸውን አቀለጡት። እኔ ምንም አላልኩም፣ ልበል እንዴ?

ሁለቱም ከገቡ በኋላ ወለሉ ላይ ስክሪኑ ለሁለት የተሰነጠቀውን ታብሌት አንስቼ ወደ ታች ወረድኩ።

"ስንት ትሰጠኛለህ?"

ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። "መቶ ሃምሳ።"

"ይሠራል እኮ።"

"ቢሠራማ ጋሼ፣ ልጁ እኔን ያየኝ ነበር?"

ሁለት መቶ አደረሰልኝ። ባለቤቴ እስካሁን አላወቀችም፣ ቻርጅ ላይ ነው ብያታለሁ።