ማስተካከያ፦ አንድሬን መጀመሪያ ያነሳው ሆጋን በ1987 አይደለም

ስለ ልጅነት ጀግናዬ፣ ስለ ግዙፉ የሬስሊንግ (የትርኢት ትግል) ተፋላሚ አንድሬ ዘ ጃያንት ሰሞኑን አንድ ወሬ ይዞራል። በ1987 ሬስልማንያ 3 በተባለው ትልቅ የሬስሊንግ ዝግጅት ላይ ተጋጣሚው ሀልክ ሆጋን አንስቶ እስኪጥለው ድረስ ማንም አንስቶት አያውቅም፣ 15 ዓመትም አልተሸነፈም ይላል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ልክ አይደለም። ራሱ ሆጋን በ1980 ኒው ዮርክ፣ ሼይ ስታዲየም ውስጥ አንስቶታል፣ ያን ቀን ያሸነፈው ግን አንድሬ ነው። በ1984 ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ካኔክ የተባለ ተፋላሚ አንስቶ ጥሎታል፣ አሸንፎታልም። የ15 ዓመቱ ነገር ትኬት ለመሸጥ የተነዛ ወሬ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ክብሩ ሁሉ ላነሳው ሰው መሰጠቱ ነው። ውጤቱ ቀድሞ በሚወሰንበት በሬስሊንግ፣ እንደ አንድሬ ያለ ግዙፍ ሰው ካልፈቀደ ማንም አያነሳውም። ጀርባው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ እያመመው ወደ 1987ቱ ግጥሚያ ገብቶ ነው ሆጋንን ያነገሠው። በ1993 የሬስሊንግ ድርጅቱ የደብሊው ደብሊው ኤፍ የዝነኞች መዝገብ ሲከፈት የመጀመሪያው ስም የእሱ ነበር።