ማንኪያ የሚቆጥር ሕዝብ

ሰሞኑን አንድ የውሃ ቢሮ ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ የገጠር የውሃ ፓምፖች ቶሎ ቶሎ የሚበላሹት በኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው አሉን። መፍትሔውም ተገኝቷል፤ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል።

ግንዛቤ! ይሄ ቃል ያልሸፈነው ጉድ አለ?

እስቲ ዕድሩን እንየው። እነዚሁ ግንዛቤ አነሳቸው የተባሉት ገበሬዎች ድንኳን አላቸው። አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህን አላቸው። ለቅሶው ሲያበቃ ማንኪያው ሳይቀር ተቆጥሮ ይመለሳል። አንድ ከጎደለ የተረከበው ሰው ይተካል። መዋጮ ያሳለፈ ይቀጣል። ጸሐፊው መዝገብ፣ ገንዘብ ያዡ ቁልፍ ይዟል፤ ዳኛው ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቃል። ይህን ለማስተማር ከከተማ የመጣ አሠልጣኝ የለም፤ አበል የበላም የለም። ታዲያ ማንኪያ ቆጥሮ የሚረከብ ሕዝብ ፓምፕ መጠበቅ አቃተው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ድንኳኑ የራሱ ነው። ፓምፑ ግን የማን ነው? ቦታውን ሌላ መረጠ፤ ኮንትራክተሩን ሌላ ቀጠረ፤ ሪባኑን ሌላ ቆረጠ። የውሃ ኮሚቴ ተብለው የተመረጡት ሰዎች ለረጅም ዓመታት ሕጋዊ ሰውነት እንኳ አልነበራቸውም። በኮሚቴያቸው ስም መዋዋል የማይችሉትን ሰዎች ነው እንግዲህ ባለቤት ሁኑ የምንላቸው።

አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ የመንደር ሰው እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። አንድ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ይፈታዋል። ጎማው ሲያልቅ ግን መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ከየት ይምጣ? ወረዳው ባለሙያ ቢኖረው ሞተር ሳይክል የለውም፤ ሞተሩ ቢኖር ቤንዚን የለም። እናቶች ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ድሮው ወንዝ ይወርዳሉ። ጥፋተኛው ግን ግንዛቤያቸው ነው!

እርግጥ ፓምፕ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ አይጠፋም።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይሉን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በፊንላንድ ድጋፍ አማራ ክልል ውስጥ የተጀመረው አሠራር አለ። የውሃ ግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ ኮሚቴ ተሰጠ። ሲሚንቶውን ራሳቸው ገዙ። ሠራተኛውን ራሳቸው ቀጠሩ። ደረሰኙን ራሳቸው ያዙ። ኋላም ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ። ገበሬ ብር ይዞ ይጠፋል ብሎ የሚሰጋ ሹም ካለ፣ የዕድሩን መዝገብ ገልጦ ይይ።

መድረኩንም ያዘጋጁ፤ አንከለክልም። በየጠረጴዛው ሃይላንድ ውሃ ይደርደር። ብቻ የአንድ ቀኑ አበል ስንት የፓምፕ ጎማ እንደሚገዛ መጀመሪያ ያስሉልን።