ሃምሳ ሎሚና አንድ ቢያጆ

እሁድ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ አከራዬ እማማ በሬን አንኳኩ። እጃቸው ላይ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት አለ።

«ልጄ፣ የሽንት ቤት ማስመጠጫ መዋጮ ነው። ያንተ የሁለት ሰው።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ብቻዬን ነኝ።»

«ያ የይርጋለሙ ወንድምህስ?»

የአክስቴ ልጅ ነው። ሁለት ሌሊት አድሮ ሄደ። ይህንኑ ብነግራቸው «ሆዱን አሞት አልነበር እንዴ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልከራከር? ከፈልኩ።

የሚያናድደኝ የእሳቸው ቆጠራ አይደለም። ግቢያችን ውስጥ አስራ አንድ ተከራይ አለ። ቡና ሲፈላ ሁሉም አለ። መዋጮ ሲባል በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ ባለቤቱ የለም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት በጣም ነው የምወደው። እኛ ግቢ ግን ሃምሳው ሰው ሎሚውን መጦ ይሄዳል፤ ልጣጩን የሚሸከመው አንድ ሰው ነው።

ይህን ተረት ባለፈው ዓመት ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ። ሀዋሳ አሳና ስብሰባ አጥታ አታውቅም። ርዕሱ የመንግሥትና የግል አጋርነት ለከተማ ንጽህና ነበር። አዋጁም አለ፣ ቁጥር 1076/2010። ሐሳቡን አልጠላሁትም። መንግሥት መድፊያ ቦታ ያዘጋጃል፣ ታሪፍ ያወጣል፣ ይቆጣጠራል፤ ባለሀብቱ መኪናና ሠራተኛ ያመጣል። እጄን አወጣሁ። «የመንግሥቱ መኪና ርካሽ ነው፣ ተራው ግን አይደርስም። የግሉ በስልክ ይመጣል፣ ዋጋው ግን ራስ ያዞራል። ሁለቱ የሚገናኙት የት ነው?» «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ተባለና ለሻይ ተወጣ። ማታ አበል ልፈርም ስል ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያቺ ጥያቄ ናት ያስበላችኝ፣ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማምነው።

አበሉስ ይቅር። ዶፍ ሲጥል ጠብቆ ጉድጓዱን ወደ ጎርፍ ቦይ የሚለቀው ሰውዬ ነው የሚያበግነኝ። ጎርፉ ይዞልኝ ይሄዳል ይላል። ወዴት? ሐይቃችን እኮ መውጫ ወንዝ የለውም! የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የለቀቅከው እዚሁ ነው ያለው፣ ወንድሜ። ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄደህ አሳ ስታዝዝ አስበው።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ መኪናው መጣ። በሩ ስለማያስገባው ውጭ ቆሞ ቱቦውን በሁለት ቤት መሃል ጎትተው አስገቡት። ሞተሩ ጮኸ፤ ቱቦው ተንቀጠቀጠና ቀጥ አለ። ረዳቱ በሽቦ መንጠቆ ሲጎረጉር መጀመሪያ ዳይፐር አወጣ። ቀጥሎ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ። ቀጥሎ አንድ እግር ካልሲ።

«ሽንት ቤት ነው ወይስ ሱቅ?» አለ።

የይርጋለሙን እንግዳ ካልሲ አወቅኩት። ዝም አልኩ።

ቦቴው ሞላ፣ ጉድጓዱ ግን ገና ነው። «ሌላ ቢያጆ ይፈልጋል» አለ ሹፌሩ። አስራ አንዱም በር ጸጥ። እማማ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድምህ ለፍቼ ጨምበላላ ይመጣል አይደል?»